ባሌስትራ ሲደክም ሾክ አብዞርበር መግዛት ኪሳራ ነው

አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ዛሬ በቀላሉ አይለቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ማስመጣት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ የሚጠይቀው የብር መጠን አሻቀበ። ስለዚህ ባለንብረቱ ያለችውን መኪና ጠግኖ ከመያዝ ሌላ አማራጩ ጠባብ ነው። ለመጠገን የሚያወጣው እያንዳንዱ ብርም የኢንቨስትመንት ያህል መታሰብ አለበት።

በዚህ ረገድ ገንዘብ ያለ ጥቅም ከሚባክንባቸው ዕቃዎች አንዱ የኋላ ሾክ አብዞርበር ነው። ብዙ ገዢ ወደ መለዋወጫ ሱቅ የሚመጣው “መኪናዬ ከኋላ ተቀመጠብኝ፣ ጠንካራ ሾክ ስጡኝ” እያለ ነው። ሻጩም የተጠየቀውን ይሰጣል። ከወር በኋላ መኪናው እንደገና ተቀምጦ ይገኛል። ዕቃው ላይበላሽ ይችላል፤ የተሳሳተው ግዢው ነው።

ሸክሙን የሚችለው ማን ነው?

የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው። ሾክ አብዞርበር ሸክም የመቻል ሥራ የለበትም። ሥራው ሞላው ወይም ባሌስትራው አንዴ ከተረገጠ በኋላ እየዘለለ እንዳይቀጥል ማብረድ ነው። በውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ የንዝረቱን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ኮብልስቶን ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የተነዳ መኪና ሾኩ በእጅ ሲነካ የሚሞቀው ለዚህ ነው።

እንግዲህ መኪናው ባዶውን ቆሞ ከኋላ ዝቅ ካለ የደከመው ባሌስትራው ወይም ሞላው ነው። ባሌስትራው ሳይታይ ሾክ መለወጥ “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ይሆናል። በተቃራኒው ቁመቱ ሳይጓደል ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ የሚንጠራወዝ ከሆነ፣ ጎማው እዚህም እዚያም እየተበላ ጎርበጥባጣ ከሆነ፣ ወይም በሾኩ አካል ላይ ዘይት ከወረደ ጥፋቱ የሾኩ ነው። ስስ የዘይት ወዝ ብቻውን አያስደነግጥም፤ የሚንጠባጠብ ግን መለወጥ አለበት።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ሾኩ የሞተ መኪና ጎማው ከመሬት እየተነሣ ስለሚያርፍ ፍሬን ሲያዝ የሚቆምበት ርቀት ይረዝማል። የኋለኛው ክፍል ደግሞ ሸክሙ በየሰዓቱ የሚለዋወጥበት ነው። ሚኒባስ ጠዋት ሾፌሩንና ረዳቱን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሙሉ ተሳፋሪ ይጭናል። የፊቱ ሾክ ይህን ያህል ልዩነት አያይም።

ልኩ ከስሙ ይቀድማል

“የኮሮላ” ወይም “የሃይስ” ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 መመረት የጀመረው፣ የኋላ ጎማው የሚነዳው ኮሮላ ሴዳን የኋላ ሾኩ ከሞላው ተለይቶ ለብቻው ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው፣ የፊት ጎማው የሚነዳው ሴዳን ግን ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ የተገጠሙ ናቸው። ሃይስ ከኋላ የሚቀመጠው በባሌስትራ ላይ ነው። ስማቸው አንድ ቢሆንም ዕቃቸው አይገናኝም። ስለዚህ ገዢው ሊብሬውን ወይም የሻንሲ ቁጥሩን፣ ከተቻለም የወለቀውን አሮጌ ሾክ ይዞ መሄድ ይኖርበታል።

ሱቅ ውስጥ አራት ነገሮች ይለካሉ። አንደኛው ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ያለው ርዝመት ነው። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ያለው ርዝመት ነው። ሦስተኛው የማሰሪያው ዓይነት ሲሆን፣ ቀለበት ነው ወይስ ቡሎን የሚለው ይታያል። አራተኛው የጎሚኒው ቀዳዳ ስፋት ነው። ያጠረ ሾክ የኋላ እግሩ ወደ ታች ሲወርድ ተወጥሮ ይበጠሳል ወይም ማሰሪያውን ይነቅላል። የረዘመ ደግሞ መኪናው ሲጫን መጨረሻው ላይ ደርሶ ይመታል። ባሌስትራ አስጨምሮ መኪናውን ከፍ ያስደረገ ባለንብረት በተለይ ይጠንቀቅ፤ የፋብሪካው ልክ የሆነው ሾክ ለእሱ መኪና አጥሮ ሊገኝ ይችላል።

ዘይት ወይስ ጋዝ?

በገበያው “የዘይት” እና “የጋዝ” እየተባለ የሚከፋፈለው ዕቃ ሁለቱም ዘይት አለበት። ልዩነቱ ጋዝ የሚባለው ናይትሮጅን የተሞላበት መሆኑ ነው። ናይትሮጅኑ ዘይቱ ሲሞቅና ሲናጥ አረፋ እንዳይሠራ ያግዛል። አረፋ የሠራ ዘይት ፒስተኑን ስለማይገታው ሾኩ ለጊዜው ሥራ ያቆማል። ረጅም የኮረኮንች መንገድ ለሚሄድ መኪና የጋዙ ተጨማሪ ዋጋ ትርጉም አለው። በከተማ አስፋልት ቀስ ብሎ ለሚመላለስ የቤት መኪና ግን ጥሩ የዘይት ሾክ ይበቃዋል።

ከጋዞቹም ውስጥ ባለ አንድ ቱቦና ባለ ሁለት ቱቦ አሉ። ባለ አንዱ ሙቀት ቶሎ ያስወጣል፤ ነገር ግን ድንጋይ መትቶ ቱቦውን ከሰረጎደው ፒስተኑ ይያዛል። ባለ ሁለቱ የውጪው ቱቦ ቢጎረብጥም ብዙ ጊዜ ሥራውን ይቀጥላል። ለገጠር መንገድ ውድ የሆነው ሁሉ የተሻለ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ገዢዎችን የሚያሳስት አንድ ነጥብ አለ። የጋዝ ሾክ ተጨምቆ ሲለቀቅ ራሱ ይመለሳል፤ የዘይት ሾክ ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ያልተመለሰው ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ትክክለኛው ፈተና ቀጥ አድርጎ አቁሞ ደጋግሞ መሳብና መጫን ነው። ተቃውሞው ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት። ከጥቂት ምልልስ በኋላም የሚንሸራተት ባዶ ቦታ ካለ አይገዛም።

ስምና ዋጋ

በዓለም ገበያ የታወቁት ስሞች ባለቤታቸው ተቀያይሯል። ሺሮ ካያባ እ.ኤ.አ. በ1919 ከመሠረቱት ድርጅት የመጣው የጃፓኑ ኬዋይቢ ዛሬም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ ሚሺጋን የተመሠረተው ሞንሮ ከ1977 ጀምሮ የቴኔኮ ንብረት ሲሆን፣ ቴኔኮን ራሱን አፖሎ የተባለው የኢንቨስትመንት ኩባንያ በ2022 ገዝቶታል። ታዋቂ ስም አስመሳይ ይስባል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ ያለውን የዕቃ ቁጥር በሾኩ አካል ላይ ከተጻፈው ጋር ማመሳከርና በደረሰኝ መግዛት ያስፈልጋል።

ዋጋ ሲነጻጸር ስሌቱ በአገልግሎት ዘመን ይሁን። ለምሳሌ ግማሽ ዋጋ ያለው ጥንድ ሾክ የውዱን ሲሶ ጊዜ ብቻ ቢያገለግል፣ ባለንብረቱ ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚከፍለው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። በዚህ ላይ የሁለት ተጨማሪ ጊዜ የእጅ ዋጋና ሚኒባሱ ጋራዥ የሚቆምበት ቀን ገቢ ይታከላል። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ሾክ ደግሞ ምን ያህል እንደሠራ አይታወቅምና በርካሽነቱ መማረክ አይገባም። ለውጡም ምንጊዜም በጥንድ ነው፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ጎማም ይጨርሳል።

ጋራዥ ውስጥ የሚጠፋ ገንዘብ

ጥሩ ዕቃ በመጥፎ ገጠማ ሊበላሽ ይችላል። ባለንብረቱ አጠገብ ቆሞ ሦስት ነገሮችን ይመልከት። የሾኩ ዘንግ በፒንሳ እንዳይያዝ፤ ትንሽ ጭረት የዘይት መያዣውን ጎማ ይቆርጠዋል። ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ ከመገጠሙ በፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ አየሩ እስኪወጣ ጥቂት ጊዜ ይሳብ፣ ይጫን። የጎሚኒው ቡሎን የመጨረሻ ጥብቀት የሚሰጠውም መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ከታሰረ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል። ሞላና ሾክ አብሮ የተገጠመበት መኪና ከሆነ ደግሞ የሞላ መጭመቂያ መሣሪያ የሌለው ጋራዥ እንዳይነካው፤ ተወጥሮ የተፈናጠረ ሞላ ሰው ይገድላል።

ነጋዴውም ከዚህ የሚያተርፈው አለ። ገዢውን “ባዶውን ሲቆም ዝቅ ይላል ወይስ ሲሄድ ይንጠራወዛል?” ብሎ የሚጠይቅ ሻጭ ለመጀመሪያው ባሌስትራ ወይም ሞላ፣ ለሁለተኛው ሾክ አብዞርበር ይሸጣል። የተሸጠው ዕቃ ተመልሶ አይመጣበትም፤ ደንበኛው ግን ይመለሳል።