ዐጸዱን ማን ይተካዋል? የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ጥናትና የራያ ቆላ አጥቢያዎች

በራያ ቆላ የሚጓዝ መንገደኛ ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ጥላ ሲያይ በዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ያውቃል። ወደ ቅጥሩ ገብቶ ከአረጋውያኑ ዛፎች ሥር ያለውን መሬት ለሚመለከት ግን አንድ አሳሳቢ ጥያቄ ይነሣል፤ እነዚህ ዛፎች ሲወድቁ የሚተኳቸው ችግኞች የት አሉ?

ይህን ጥያቄ የምርምር ሕይወታቸው ዋና ጉዳይ ካደረጉት ምሁራን አንዱ የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ ናቸው። ብዙ አንባብያን የሚያውቋቸው «እመጓ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጥናታቸውን፥ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን ያቀረቡት በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው።

በደቡብ ጎንደር የሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርምረው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል። በዙሪያው ያለው ደን ለእርሻና ለግጦሽ ሲመነጠር፥ አባቶች የጠበቁት ዐጸድ የአገር በቀል ዛፎች መጠጊያ ሆኖ ቆይቷል ማለት ነው።

ጥናቱ ግን ማስጠንቀቂያም አለው። በአፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆየው ዘር ሲመረመር፥ አብዛኞቹ የደን ዛፎች ዘራቸውን በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንደማያቆዩ ታውቋል። ስለዚህ እናት ዛፎቹ ከጠፉ መሬቱ ብቻውን ደኑን አይመልስም። ከብት የሚገባበትና በአጥር የተከለለ ቦታ ሲነጻጸሩም፥ ከብት በሚገባበት ቦታ የዘር መብቀልና የችግኝ መጽደቅ እጅጉን ቀንሶ ተገኝቷል።

ዶክተር ዓለማየሁ ይህን ውጤት በመጻሕፍት መደርደሪያ አልተዉትም። ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከዶክተር ማርጋሬት ሎማን ጋር በመሆን፥ ካህናትና ምእመናን በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠሩ ረድተዋል። ድንጋዩ ከአካባቢው ማሳ ስለሚለቀም ለገበሬውም እርሻውን ያጠራለታል።

ይህ ለእኛ ምን ያስተምረናል? ጥናቱ የተካሄደው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ደጋና ወይና ደጋ ሲሆን፥ ቆቦ ግን በ1,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የዕፅዋቱን ዓይነት በዋናነት የሚወስነው የቦታው ከፍታ መሆኑን ይኸው ጥናት አመልክቷል። ስለዚህ የደጋውን ጥድ ወደ ቆላ ከማውረድ ይልቅ ግራርን፥ ቁርቁራንና ሌሎች የአካባቢውን ዛፎች ማብዛት ይገባል።

የካቡ ትምህርት ግን ለቆላም ይሠራል። ማሽላው ታጭዶ ከብት በየማሳው በሚለቀቅበት ወራት በሩ ክፍት የሆነ ዐጸድ የበቀለውን ሁሉ ያጣል። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በሚያልፍበት አጥቢያም ካቡ ለውኃው መውጫ ሊተውለት ያስፈልጋል።

የሰበካ ጉባኤያት በመጪው ስብሰባቸው ሦስት ነገሮችን እንዲመዘግቡ በትሕትና እንጠይቃለን፤ በቅጥሩ ውስጥ ያሉትን እናት ዛፎች በየዓይነታቸው፥ ከሥራቸው የበቀሉትን ችግኞች ብዛት፥ ከብት የሚገባበትንም ቦታ። ካቡ ከየት እንደሚጀመር የሚያሳየው ይህ መዝገብ ነው።