መኪናው ከፍ ብሏል፤ የአያት ወገብስ?

የወረኢሉና የመካነ ሰላም አካባቢ አዛውንት ስለ ምቹ ጉዞ ብዙ ያውቃሉ። መኪና ባልነበረበት ዘመን በቅሎ የሚገዛ ሰው ቁመናዋን ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቆጥርም ነበር። ይቀመጥባታል፣ ዳገት ያስወጣታል፣ ቁልቁለት ያስወርዳታል። ሰጋር ናት ወይስ ትነቀንቃለች? ሽማግሌ ወይም አራስ ቢቀመጥባት በደህና ታደርሳለች? ሰጋር በቅሎ ከሌላዋ በልጣ የምትሸጠው በዚህ ምክንያት ነበር።

ዛሬ የበቅሎዋን ቦታ ፒካፑና ላንድክሩዘሩ ወስደውታል። ከደሴ ተነስቶ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ ወደ ወረኢሉ፣ ወይም በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ ሰው ዋናውን መንገድ እንደምንም ይዘልቀዋል። ፈተናው ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባው ኮረኮንች ነው። በጋ ላይ ድንጋዩ የመኪናውን ሆድ ይመታል፤ ክረምት ላይ ዋልካው ይይዛል፣ ጎርፍ የቦረቦረው መንገድ ጎማ ይውጣል። በዚህ የተነሳ ብዙ ባለመኪኖች መኪናቸውን ከፍ ያስደርጋሉ። ምክንያታቸው ትክክል ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከፍታ ሲጨመር ምቾትም አብሮ የሚጨመር ሲመስለን ነው።

አንድ ቤተሰብ እናስብ። ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ አለው። መኪናው አብዛኛውን ሳምንት ባዶውን ወይም ሁለት ሰው ይዞ ይሄዳል። በገበያ ቀን አምስት ኩንታል ስንዴና ባቄላ ይጭናል። በወር አንድ ቀን ደግሞ አያትን ለሕክምና ክትትል ደሴ ያደርሳል። ውጭ አገር ያለው ልጅ ገንዘብ ይልክና “መኪናውን አስነሡት፤ አያቴ እንዳይንገላቱ” ይላል። ጋራዡ ለከባድ ጭነት የሚሆን ባሌስትራ ይገጥማል፣ ትልልቅ ጎማ ያስገባል። መኪናው ግርማ ሞገስ ያገኛል። በሁለተኛው ጉዞ ግን አያት “እኔስ አውቶቡስ ይሻለኛል” ይላሉ። ገንዘቡ ወጥቷል፤ የታሰበላቸው ሰው ግን ከበፊቱ የባሰ ተንገላተዋል። ለምን?

ገላችን የሚወደውና የሚጠላው

ሰው በእግሩ ሲሄድ ገላው በሰከንድ ከአንድ እስከ ሁለት ጊዜ ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ የለመድነው እንቅስቃሴ ይህ ነው። ምቹ የሚባል መኪናም ጉድጓድ ሲያልፍ በሰከንድ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ይወርዳል። ተቀምጦ የሚጓዝ ሰው አከርካሪና ሆድ ዕቃ ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ንዝረትን አብዝተው የሚጠሉት ንዝረቱ በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ሲሆን ነው። እንደ ቆርቆሮ የተሸነሸነ የጠጠር መንገድ፣ ጠንካራ ባሌስትራና በነፋስ የተወጠረ ጎማ ሲገናኙ መኪናው የሚያደርሰው ወደዚያው ነው።

በተቃራኒው በጣም ለስላሳ የሆነና ሾክ አብዞርበሩ የደከመ መኪና እንደ ጀልባ ይዋልላል። ያኔ ልጆች ያስመልሳቸዋል። እንግዲህ የምንፈልገው በመካከል ያለውን ነው።

ጉዳዩ ከድካም ያለፈ ነው። በዕድሜ ምክንያት አጥንታቸው የሳሳ ሰዎች፣ በተለይ እናቶች፣ አንድ ኃይለኛ ንጠት ብቻ የአከርካሪ አጥንታቸውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከጉዞ በኋላ ድንገት የጀመረና የማይለቅ የጀርባ ሕመም “መንገዱ አድክሟቸው ነው” ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ሐኪም ይየው።

ባሌስትራ፣ ሞላና ሾክ፦ ሥራቸው ለየቅል ነው

ባሌስትራ በላይ በላዩ የተደራረበ ብረት ነው፤ ሞላ ደግሞ የተጠመዘዘ። ሁለቱም ክብደት ይሸከማሉ። ሾክ አብዞርበር ክብደት አይሸከምም። ሥራው ባሌስትራው ወይም ሞላው ከተጨመቀ በኋላ ደጋግሞ እንዳይዘል መያዝ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የዝላዩ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ረጅም ኮረኮንች ከተነዳ በኋላ ሾክ የሚፋጀው ለዚህ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ዘይቱ ይቀጥናል፣ አረፋ ይሠራል፣ ሾኩም ሥራውን ያቆማል። የናይትሮጅን ጋዝ ያለበት ሾክ አረፋውን ይቀንሳል፤ ወፈር ያለው ብዙ ዘይት ስለሚይዝ ቶሎ አይግልም። ለገጠር መንገድ ሾክ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

የመኪና አምራቾችም ይህን ትምህርት በጊዜ ሂደት ነው የተማሩት። በአገራችን ገጠር ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ላንድክሩዘር 70፣ ለከባድ ሥራ በተዘጋጁት ሞዴሎቹ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1999 ቶዮታ የፊቱን ወደ ሞላ ለወጠው፤ የኋላውን ባሌስትራም አረዘመው። ረጅም ባሌስትራ ከአጭሩ ይልቅ ቀስ ብሎ ይለጠጣልና። የድሮውንም የአሁኑንም ሃርድቶፕ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ወገቡ ይነግረዋል።

ከፍ የማድረጊያ መንገዶች

መኪና በብዙ መንገድ ከፍ ይላል፤ ለተሳፋሪው ግን ሁሉም እኩል አይደሉም።

በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ብረት ማስገባት ወይም የባሌስትራውን ማንጠልጠያ ማስረዘም ርካሹ ነው። የባሌስትራውን ጥንካሬ ብዙም አይለውጠውም፤ ፍሬን ሲያዝና ነዳጅ ሲሰጠው ግን አክስሉ እንዲጠማዘዝ ያደርጋል።

በአሮጌው ባሌስትራ ላይ አንድ ተጨማሪ ቅጠል ብረት መጨመር በየከተማው የተለመደ ነው። መኪናው ይነሣል፤ ግን በዚያው ልክ ይደርቃል። ሁልጊዜ ጭነት ለሚሸከም መኪና ይረዳል። ባዶውን ለሚውል መኪና ግን ተሳፋሪውን መቅጣት ነው።

ከፊት ሞላ ላይ ማስነሻ ቀለበት ማስቀመጥ ሞላውን አያደርቀውም። ሆኖም እግሩ ወደ ታች የሚወርድበትን ርቀት ያሳጥራል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ “ጓ” የሚል ድምፅ የሚሰማው ሾኩ እስከ መጨረሻው ተለጥጦ ሲመታ ነው።

የተሻለው፣ ዋጋውም ከፍ ያለው፣ ለመኪናው ሞዴልና ለጭነቱ ተለክቶ የተሠራ አዲስ ሞላና ባሌስትራ ከርዝመቱ ጋር ከሚስማማ ሾክ ጋር መግጠም ነው። የታወቁ አምራቾች ለአንድ መኪና ሁለትና ሦስት ዓይነት ያቀርባሉ፦ ለባዶ፣ ለመካከለኛና ለቋሚ ከባድ ጭነት። ለቤተሰብ መኪና አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲኬድ የሚቀየረው ዕቃ ይበዛል።

በኩንታል አስቡት

ስለዚህ ለመካኒኩ የሚነገረው የመጀመሪያ ነገር “ስንት ሴንቲ ይነሣልን” ሳይሆን “መኪናው በሳምንት ስንት ቀን፣ ስንት ኩንታል ይጭናል” የሚለው ነው። አምስት ኩንታል በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ለመካከለኛ ጭነት የተሠራውን መምረጥ ይሻላል፤ በገበያ ቀን ትንሽ ዝቅ ቢል ቀስ ብሎ መንዳት ነው። በየቀኑ የሚጭን ከሆነ ግን ለስላሳ ባሌስትራ አይበጅም። እየተጨመቀ ማረፊያ ጎማውን ይመታል፣ ያም ከደረቅ ባሌስትራ የባሰ ይንጣል። ካሶኒው ላይ ብረት ወይም ተጨማሪ ነዳጅ ታንክ ተገጥሞ ከሆነ እሱም ክብደት ነውና ይቆጠር።

ገንዘቡ በየትኛው ይጀመር?

ብዙ ቤተሰብ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይችልም። አያስፈልግምም። ተራው እንዲህ ቢሆን ይመከራል።

አንደኛ፣ የጎማ ነፋስ። ወጪው ኢምንት ነው። ብዙ ጎሚስታዎች ባዶውንም የተጫነውንም እኩል ይነፉታል። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር አካባቢ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ የባዶና የጭነት ተብሎ የተለየ ካለ ይከበር። ለጭነት ተብሎ የተሠራ ብዙ ድርብ ያለው ጎማ በተፈጥሮው ደረቅ መሆኑም አይዘንጋ።

ሁለተኛ፣ ቡሽ። ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት ቦታ ያለው ጎማ ሲያልቅ ብረት ከብረት ይጋጫል። መኪናው የሚያንኳኳው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። የዛገና አፈር የበላው ባሌስትራም ቅጠሎቹ ስለሚጣበቁ ትንንሹን ንጠት በቀጥታ ወደ ወንበር ይልካል፤ ተፈትቶ ቢጸዳ ብቻ ብዙ ይሻሻላል።

ሦስተኛ፣ ሾክ አብዞርበር። ዘይት አውጥቶ አቧራ ከለበሰ፣ ወይም መኪናው አንድ ጉድጓድ አልፎ ሦስትና አራት ጊዜ ከዘለለ ሾኩ አልቋል። ሲቀየር የግራና የቀኙ አብሮ ይቀየር።

አራተኛ፣ ሞላና ባሌስትራ። ከፍታ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ግን የመጨረሻውን መጀመሪያ ያደርገዋል።

ዕቃው ከመርካቶ ሶማሌ ተራም ይምጣ ከደሴ፣ የመኪናው የሻንሲ ቁጥር ተይዞ ይገዛ። አስመስለው የተሠሩ ዕቃዎች በዝተዋልና ደረሰኝ መቀበል፣ አሮጌውንም ዕቃ አዲሱ ተገጥሞ እስኪሞከር ድረስ አለመጣል ይጠቅማል።

ከፍ ካለ በኋላ መታየት ያለባቸው

መኪና ሲነሣ አብረው የሚቀየሩ ነገሮች አሉ። የፍሬን ቱቦው እግሩ እስከ መጨረሻው ሲወርድ እንዳይወጠር ይታይ። በብዙ ፒካፖችና ላንድክሩዘሮች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን መቆጣጠሪያ አለ። ይህ ዕቃ የጭነቱን ልክ የሚያውቀው በአክስሉና በሻንሲው መካከል ባለው ርቀት ነው። መኪናው ከፍ ሲል “ባዶ ነኝ” ብሎ የኋላ ፍሬኑን ይቀንሳል። ተጭኖ ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ መኪና ይህ የሕይወት ጉዳይ ነውና እንዲስተካከል መካኒኩን አጥብቃችሁ ጠይቁ።

የፊት እግሩ ሞላ በሆነ ላንድክሩዘር ላይ ደግሞ የፊት አክስሉ ስለሚዞር መሪው መዋለል ይጀምራል፤ ከኩርባ በኋላም በራሱ አይመለስም። ለዚህ የሚሆን ማስተካከያ ቡሽ አለ። እንደ ሃይሉክስ ባሉት የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ በሚንቀሳቀሱ መኪኖች የጎማ አሰላለፍ ይለካ። የፊት መብራቱም ወደ ላይ ስለሚያበራ ዝቅ ይደረግ። ከሁሉም በላይ ከፍ ያለ መኪና ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀላል፤ ሾፌሩ የድሮ ፍጥነቱን ይርሳ።

አንድ የሚረሳ ነገርም አለ፤ አያት እንዴት ይወጣሉ? አምስት ሴንቲ ሜትር ለወጣት ምንም ነው፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን ግድግዳ ነው። ሰፊ መርገጫና ጠንካራ የእጅ መያዣ አብረው ይገጠሙ።

ማን የት ይቀመጥ?

ዛሬ አንድ ብር ሳይወጣ የሚሠራ ነገርም አለ። መኪና ሲንጥ አብዝቶ የሚነሣውና የሚወድቀው ከኋላ ጎማ በላይና ከዚያ ወደ ኋላ ያለው ቦታ ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ወንበር ይሻላል። ስለዚህ በሃርድቶፕ የኋላ አግዳሚ ላይ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር አይቀመጡ፤ ጋቢናው ለእነሱ ይለቀቅ። ነፍሰ ጡር ቀበቶዋን ከሆዷ በታች፣ በዳሌዋ ላይ አድርጋ ትሰር። ካሶኒ ላይ ልጅ መጫን በየትኛውም ሰስፔንሽን ምቹም ደህናም አይሆንም። ወንበር ላይ የሚነጠፍ ወፍራም ስፖንጅም ትንንሹን ንዝረት ይቀንሳል።

በመጨረሻ ሥራው ተጠናቅቆ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት መኪናው ይሞከር። ጋራዡ በር ላይ ያለው አስፋልት ምንም አይናገርም። የሚሞከረው በለመደው ኮረኮንች፣ በለመደው ጭነት፣ አያትም በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ሾፌሩ መሪውን ይዞ ስለሚደገፍ ብዙ አይሰማውም፤ መካኒኩም ቸኩሏል። እሳቸው ግን “አሁን ይሄዳል” ወይም “ገና ነው” ሲሉ ልባችሁ ይመን። በወጣትነታቸው በቅሎ መርጠዋልና።