ለንደን የኦሊምፒክን ሕዝብ ያጓጓዘችበት ዕቅድ

ትልቅ ዓለም አቀፍ የስፖርት ውድድር የሚካሄድባት ከተማ ሁለት ዓይነት ተጓዦችን በአንድ ጊዜ ታስተናግዳለች። አንዱ ውድድሩ እንዳያመልጠው የሚጣደፍ እንግዳ ነው፤ ሌላው እንደ ወትሮው ሥራ ገብቶ የሚወጣ ነዋሪ ነው። የመጓጓዣ ዕቅድ ትልቁ ፈተና እነዚህን ሁለቱን በአንድ መንገድና በአንድ ባቡር ማስኬድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ከሌላ ከተማ የመጡ የአውቶቡስ ሾፌሮች መንገድ እየሳቱ ስፖርተኞችን አስረፍደዋል። ሲድኒ ግን በ2000 የባቡር መስመሯን እስከ ኦሊምፒክ ሥፍራው ድረስ አስገብታ የብዙ ተመልካች ጉዞ አቃልላለች። የ30ኛው ኦሊምፒክ አዘጋጅ ለንደን ሁለቱንም ልምዶች ይዛ ተነሣች።

የዕቅዱ መሠረት የቦታው ምርጫ ነበር። ዋናው የኦሊምፒክ ሥፍራ የተሠራው በምሥራቅ ለንደን፣ ስትራትፎርድ በተባለው ሰፈር ነው። በዚያ ሁለት የምድር ውስጥ ባቡር መስመሮች፣ የዶክላንድስ ቀላል ባቡርና የከተማ ዳርቻ ባቡሮች አስቀድመውም ይገናኙ ነበር። ስለዚህ አዲስ ነገር ከመሥራት ይልቅ ያለውን ማጠናከር ቀደመ። የስትራትፎርድ ጣቢያ ሰፋ፤ ቀላል ባቡሩ በ2011 አዲስ ቅጥያ አገኘ፤ የጁቢሊ መስመር የምልክት ሥርዓት ተቀይሮ በሰዓት የሚያልፉት ባቡሮች በዙ። ጃቨሊን የተባለው ፈጣን ባቡር ደግሞ ከሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ስትራትፎርድ ለመድረስ 7 ደቂቃ ብቻ ይፈጅበት ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ ተመልካቹ መኪናውን ቤቱ እንዲተው ማድረግ ነበር። በኦሊምፒክ ሥፍራው ለአካል ጉዳተኞች ከተመደበው በስተቀር ለተመልካች የመኪና ማቆሚያ አልተዘጋጀም። በምትኩ በለንደን ለሚደረግ ውድድር ትኬት የገዛ ሁሉ ለዚያ ቀን በከተማዋ የሕዝብ ትራንስፖርት የሚጓዝበት ካርድ አብሮ ተሰጠው።

ስፖርተኞችን፣ ዳኞችንና ጋዜጠኞችን በሰዓቱ ለማድረስ 175 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የመንገድ መረብ ተመረጠ። ከዚህ ውስጥ 48 ኪሎ ሜትር ገደማው ላይ ለእነሱ ብቻ የተከለለ ረድፍ ነበር። ይህ በነዋሪው ዘንድ ቅሬታ አስነሥቷል፤ ሆኖም ረድፉ በማያስፈልግበት ሰዓት ለሌሎች ተሽከርካሪዎችም ይከፈት ነበር። የጎዳና ውድድሮችም የራሳቸው ዕቅድ ነበራቸው። ኢትዮጵያዊቷ ቲኪ ገላና ኦገስት 5 ቀን ያሸነፈችበት የሴቶች ማራቶን የተካሄደው በመሐል ከተማ ውስጥ እየተመላለሱ በሚዞሩበት ጎዳና ነው። ሩጫው እንዲህ በዙር ሲሆን የሚዘጉት መንገዶች በአንድ አካባቢ ይወሰናሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የተገኘው ከነዋሪው ነው። ባቡር ቢጨመርም፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ከተሳፈረ ጣቢያው መጨናነቁ አይቀርም። ስለዚህ የትኛው ጣቢያ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚጨናነቅ አስቀድሞ ለሕዝብ ተነገረ። መሥሪያ ቤቶች የሥራ ሰዓት እንዲያሸጋሽጉ፣ ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ፣ ሱቆችም ዕቃቸውን በሌሊት እንዲያስገቡ ተመከሩ። የምድር ውስጥ ባቡሩም ከወትሮው አንድ ሰዓት ያህል አምሽቶ ይሠራ ነበር።

ውጤቱ በቁጥር ታየ። በኦሊምፒኩ ቀናት በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ከ60 ሚሊዮን በላይ ጉዞዎች ተደርገዋል፤ በአንድ ቀን ብቻ ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ጉዞ የተመዘገበበት ጊዜም ነበር። ቀጥሎ ለተካሄደው ፓራሊምፒክ በ16 ጣቢያዎች ተሽከርካሪ ወንበር ወደ ባቡር የሚገባባቸው ተንቀሳቃሽ መወጣጫዎች ቀረቡ፤ ከውድድሩም በኋላ በአገልግሎት ላይ ቆይተዋል።

የሰፋው ጣቢያና የተቀጠለው መስመር ዛሬም የምሥራቅ ለንደንን ሕዝብ ያመላልሳሉ። ውድድር ለማስተናገድ የምታስብ ከተማም ዕቅዷን መመዘን ያለባት በዚህ ነው፤ እንግዳው በሳምንታት ውስጥ ይሄዳል፣ የተሠራው መጓጓዣ ግን ለነዋሪው ይቀራል።