ኢንዶስኮፒ ምንድን ነው?

በቡታጅራ አቅራቢያ ከማታ ትምህርት በኋላ አንዲት እናት ወረቀት ይዘው ወደ እኛ መጡ። ልጃቸው የስኳር በሽታ አለበት። በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል። ይሁን እንጂ ከስቷል። ሆዱ ይነፋል፤ ተቅማጡም አልለቅ ብሎታል። ስኳሩ ሳይታሰብ ይወርድበታል። የደም ምርመራ ተደርጎለት ወደ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተልኳል። እናትየዋ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል ፊደል በፊደል አነበቡት፤ «ኢን-ዶ-ስ-ኮ-ፒ»። «አነበብኩት፤ ግን ምንድን ነው? ሆዱን ሊቀዱት ነው እንዴ?» አሉን።

ሆድ አይቀደድም። ኢንዶስኮፒ የጣት ያህል ውፍረት ባለው፣ በሚተጣጠፍ ቱቦ የሚደረግ ምርመራ ነው። የቱቦው ጫፍ መብራትና ትንሽ ካሜራ አለው። ሐኪሙ ጉሮሮን አደንዝዞ ቱቦውን በአፍ ያስገባል። ቱቦው በጨጓራ አልፎ ቀጭኑ አንጀት ይደርሳል። ከዚያ በትንሽ ወረንጦ ከአንጀቱ ገጽ ጥቂት ቅንጣቶች ይቆነጠራሉ። ቱቦው ሲገባ ያቅለሸልሻል፤ ቁንጠጣው ግን አያምም። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ቅንጣቱ ለምን ይወሰዳል? የጤነኛ ሰው ቀጭን አንጀት ውስጡ እንደ ምንጣፍ ጸጉር ነው። ምግብ ወደ ደም የሚገባው በዚህ ጸጉር ነው። ሲሊያክ የሚባል በሽታ ጸጉሩን ያጠፋዋል። ሰውየው ቢበላም ምግቡ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ኢንሱሊኑ ግን ሥራውን ይሠራል። ስኳር ድንገት የሚወርደው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ በልጅነት የሚጀምረውና ያለ ኢንሱሊን የማይኖሩበት የስኳር በሽታ ያለበት ሰው፣ ከሌላው ይልቅ በሲሊያክ ይያዛል። በሁለቱም በሽታዎች የሰውነት ዘበኛ ተሳስቶ የገዛ ቤቱን ይመታል።

በሲሊያክ ዘበኛውን የሚያሳስተው በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን ነው። ይህን የደረሰበት የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1944 እስከ 1945 በሆላንድ ረሃብ ሆነ። ዳቦ ሲጠፋ የታመሙት ልጆች ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ በሽታው ተመለሰ። ይህም የቆየ ጥርጣሬውን አጠናከረለት።

እዚህ ላይ እንጠንቀቅ! «ስንዴ ጎጂ ነው» ተብሎ ከምርመራው በፊት ዳቦና በሶ መተው አይገባም። ከተተወ አንጀቱ መዳን ይጀምራል፤ ቅንጣቱም በሽታውን ላያሳይ ይችላል። ኢንሱሊንም በራስ ፈቃድ አይቆምም። ለምርመራው ምግብ ሳይበሉ መቆየት ግድ ስለሆነ ስኳር ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የዚያን ዕለት ኢንሱሊን ስንት እንደሚወጉ ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁ።

በሽታው ከተገኘስ? ሕክምናው ስንዴና ገብስ ዕድሜ ልክ መተው ነው። ለወልቂጤና ለቡታጅራ ሰው ይህ አይከብድም። ቆጮ ግሉተን የለውም። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላም የላቸውም። ነገር ግን የእንጀራው ዱቄት ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር እንዳይደባለቅ ወፍጮ ቤት ላይ ጠንቀቅ ማለት ነው። ቆጮም እንጀራም ስኳር ስለሚጨምሩ በልክ ይበላሉ።

የስኳር በሽታ ያለበት ሁሉ ኢንዶስኮፒ አያስፈልገውም። የሚከሳ፣ ተቅማጥ የማይለቀው፣ ስኳሩ በየጊዜው የሚወርድበት ግን በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ሄዶ ይናገር።

እናትየዋ ይህን ሁሉ ሰሙ። ወረቀቱን አጣጥፈው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩ። «እንግዲያው እንሄዳለን» አሉ። እናንተም ይህን ላላነበበ ጎረቤት አንብቡለት።