ትምህርታቸውን ሊያቋርጡ ለተቃረቡ ወጣቶች የኮሌጅ ግቢ ምን ሊያደርግላቸው ይችላል?

ሰላም በሆነ ጊዜ፥ እሑድ ከቀትር በኋላ ከጉና ግርጌ ወደ ደብረ ታቦር በሚያስገባው መንገድ ላይ የቆመ ሰው፥ ስንቃቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚገቡ ልጆችን ያያል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ድርቆሽ፥ በሶ፥ ቆሎና ሽሮ ነው። እነዚህ ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲሆኑ፥ በመንደራቸው ከ8ኛ ክፍል በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስለሌለ ሁለት ሦስት ሆነው በከተማ አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ውኃ ቀድተው፥ ወጥ ሠርተው፥ ልብሳቸውን አጥበው ሲያበቁ የሚተርፋቸው ሰዓት የጥናት ሰዓት ይባላል። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጧት ስንቅ ለመያዝና ወላጆቻቸውን በሥራ ለመርዳት ተመልሰው ይሄዳሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ከእነዚህ ልጆች መካከል ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ሊቀሩ የተቃረቡትን በኮሌጅ ወይም በዩኒቨርሲቲ ግቢ አስጠግቶ 12ኛ ክፍልን እንዲጨርሱ የመርዳት አሠራር ምን እንደሆነ መግለጽ፥ ቀጥሎም ለደቡብ ጎንደር ደጋ ይስማማ እንደሆነ መመርመር ነው። የእኔ አስተያየት፥ አሠራሩ ይስማማል፤ ነገር ግን የግቢው በር የሚከፈትበት ጊዜ ካልተለወጠ ብዙ አይጠቅምም የሚል ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ልጁ ትምህርቱን የሚተወው እንዴት ነው?

ትምህርት ማቋረጥ በአንድ ቀን የሚቆረጥ ውሳኔ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። አስቀድሞ ልጁ አንድ ሰኞ ይቀራል፤ ሳምንቱ ድንች የሚወጣበት ወይም ገብስ የሚታጨድበት ነውና አባቱ ይፈልጉታል። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቀን ይቀራል። ሲመለስ የሒሳቡ ትምህርት አልፎት ይቆየዋል። ከዚህም በላይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፥ ያመለጠውን ብቻውን አንብቦ ሊያገኘው አይችልም። የሚጠይቀውም ሰው የለም፤ አብረውት የሚኖሩት ልጆች እንደ እሱው ያሉ ናቸው። ውጤቱ ሲወርድ ያፍራል፤ ሲያፍር ደግሞ ይቀራል። በመጨረሻ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ፥ ወላጆቹ ፍሬ ላልታየበት ነገር ገንዘብ ማውጣቱ ይከብዳቸዋል።

በሴት ልጅ ላይ ከዚህ ሌላ የመንገዱና የኪራይ ቤቱ ሥጋት አለባት። እንዲሁም ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ቢከለክልም፥ ልጅቱ ከትምህርት የቀረች እንደሆነ ሽማግሌ ለመላክ መንገዱ ይከፈታል። በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነት ተጨመረበት። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ ነፋስ መውጫ ከተማ ተይዛ ነበር። ከ2015 ክረምት ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። አንድ ዓመት ከቤቱ የዋለ የ16 ዓመት ልጅ፥ ትምህርት ቤቱ ቢከፈትለትም እንኳ ከታናናሾቹ ጋር ለመቀመጥ እንደገና መደፈር ይኖርበታል።

አንድ ነገር ከራሴ ሕይወት ልጨምር። እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። በዚያም ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ሙሉ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠን እናጠና ነበር፤ መብራት አለ፥ የሚቆጣጠር አስተማሪ አለ፥ የቀረ ልጅ እንደሆነ በማግስቱ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። የሰፈሬ ልጅ የነበረ አንድ ጓደኛዬ ግን ክፍል ተከራይቶ በሌላ ትምህርት ቤት ይማር ነበር። በሒሳብ ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ የቤት ሥራዬን ብዙ ጊዜ ያስረዳኝ እሱ ነው። በ10ኛ ክፍል በአጨዳ ጊዜ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ለምን ቀረ ብሎ የጠየቀ ሰው እንዳልነበረ ኋላ ራሱ ነገረኝ። እንግዲህ እሱንና እኔን የለየን የአእምሮ ብልጫ አልነበረም፤ መብራቱና ጠያቂው ነበር።

በኒው ዮርክ የተሞከረው

ይህንኑ ችግር ከእኛ በጣም በተለየ አገር የተመለከቱ ሰዎች አንድ አሠራር አውጥተዋል። በኒው ዮርክ ከተማ ላጓርዲያ የሚባል የማኅበረሰብ ኮሌጅ አለ። የማኅበረሰብ ኮሌጅ ማለት በአካባቢው ላሉ ሰዎች የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ፥ መግቢያው ያልጠበበ ኮሌጅ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ጃኔት ሊበርማን የተባሉ የኮሌጁ ምሁር ባመነጩት ሐሳብ መሠረት በዚሁ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስሙም መካከለኛ ኮሌጅ እንደ ማለት ነው።

ትምህርት ቤቱ የተቀበለው ጎበዞችን አልነበረም። ከትምህርት የሚቀሩትን፥ ውጤታቸው የወረደውንና አስተማሪዎቻቸው አይጨርሱም ብለው የሚፈሩላቸውን መርጦ ወሰደ። አሠራሩ በአራት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። አንደኛ፥ ትምህርት ቤቱ ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዱን ተማሪ በስሙ የሚያውቅ አስተማሪ አለው። ሁለተኛ፥ ስለ ቤቱና ስለ ኑሮው የሚያማክረው ሰው አለ። ሦስተኛ፥ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ይጠቀማል፤ ሲበረታም የኮሌጁን ትምህርት አብሮ ሊወስድ ይችላል። አራተኛ፥ በየመሥሪያ ቤቱ እየሄደ ሥራ ይለማመዳል። ከሁሉም በላይ ግን ልጁ ከእሱ ጥቂት ዓመት የሚበልጡ ተማሪዎች ሲያጠኑ በየቀኑ ያያል። ኮሌጅ ለሌላ ሰው የተሠራ ቦታ መሆኑ ይቀርና የእሱም ቦታ ይሆናል። ኋላም አሠራሩ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ተስፋፍቷል።

በአገራችን የነበረውና ያለው

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ማምጣት ለአገራችንም እንግዳ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት፥ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆችን አምጥቶ የሁለተኛ ደረጃን የመጨረሻ ትምህርት ያስተምር ነበር፤ ለመምህርነት የሚሠለጥኑትም የማስተማር ልምምድ ያደርጉበት ነበር። ይሁን እንጂ የሚመረጡት ብርቱዎቹ ነበሩ። በ1957 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ የሚያገለግሉበት ሥርዓት ተጀመረ፤ ብዙዎቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆነው ሠርተዋል። በመጀመሪያው አሠራር ልጁ ወደ ግቢ መጣ፥ በሁለተኛው ግቢው ወደ ልጁ ሄደ ማለት ነው።

ከ2015 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ነገሩ አዲስ መልክ ይዟል። ፈተና እንዳይሰረቅ ሲባል የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ፈተና 3.2፥ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ባዶ እንዳይቀሩ፥ ልጆቹም እንዳይጣሉ፥ ወደ ማለፊያው የቀረቡት ተመርጠው ሬሜዲያል የተባለውን የማካካሻ ትምህርት በግቢ ውስጥ ለጥቂት ወራት እንዲከታተሉ ተደረገ። መኝታ፥ ምግብና አስተማሪ ያገኛሉ፤ በመጨረሻው ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣ አንደኛ ዓመት ይገባል፥ ያላመጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህ ሬሜዲያል ከኒው ዮርኩ አሠራር ጋር ይመሳሰላል፤ ልጁ በግቢ ውስጥ ያለፈውን ይማራልና። ልዩነቱ ግን በጊዜው ላይ ነው። ሬሜዲያል የሚደርሰው ልጁ ከወደቀ በኋላ ነው። የሚደርሰውም 12ኛ ክፍል ደርሶ ለተፈተነና ለማለፍ ጥቂት ለጎደለው ብቻ ነው። በ10ኛ ክፍል በአጨዳ ጊዜ የቀረው ጓደኛዬ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ ስላልተፈተነ ወደቀ እንኳ አልተባለም። ከገጠር ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲን ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት ለፈተና ተፈትሸው በሚገቡበት ቀን ነው። ግቢው ሊያስተዋውቃቸው በሚገባው ጊዜ ተዘግቶ ቆይቶ፥ ሊፈርድባቸው ሲሆን ይከፈታል።

ለደብረ ታቦር ምን ይስማማል?

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያሉባት ከተማ ናት። ከፋርጣ፥ ከእስቴ፥ ከጋይንትና ከእብናት የሚመጡ ልጆች የሚከራዩባቸው ቤቶች ከእነዚህ ግቢዎች ብዙ አይርቁም። ስለዚህ አዲስ ሕንፃ ሳይሠራ ሊጀመር የሚችለው የሚከተለው ይመስለኛል።

መጀመሪያ፥ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል 40 ያህል ልጆች ይመረጡ። መራጮቹ የክፍል ኃላፊ መምህራን ይሁኑ፤ መመዘኛውም የክፍል ደረጃ ሳይሆን የቀሪው መዝገብ ይሁን። ሁለተኛ፥ ለእነዚህ ልጆች በሳምንት አራት ማታ መብራት ያለው አንድ የጥናት አዳራሽ ይሰጣቸው። ሦስተኛ፥ መምህር ለመሆን የሚማሩ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አምስት ልጆች ይረከቡና እንግሊዝኛና ሒሳብ ያስጠኑ፤ ይህም እንደ ማስተማር ልምምድ ይቆጠርላቸው። የቀረ ልጅ ሲኖር በማግስቱ ለምን ብሎ መጠየቅ ከዋናው ሥራቸው አንዱ ይሁን። አራተኛ፥ በክረምት የዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት ባዶ በሚሆንበት ጊዜ፥ በትምህርት ቤት መዘጋት የዘገዩት ለስድስት ሳምንት ገብተው ያለፋቸውን ያካክሱ።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይደለም፥ አስተማሪዎቹም ሥራ በዝቶባቸዋል ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያው ዩኒቨርሲቲ በሬሜዲያል የ11ኛና የ12ኛን ትምህርት ሲያስተምር ኖሯል፤ ቀድሞ ቢጀምር ኋላ የሚሠራው ይቀንስለታል። ታናናሽ ልጆችን ከትልልቆች ጋር ማዋሉ፥ ይልቁንም ለሴቶች ልጆች፥ ያሠጋል ይባላል። ይህም ትክክል ስለሆነ ለሴቶች የተለየ አዳራሽ፥ ሴት ተቆጣጣሪና እስከ ቤታቸው የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተሟላ መጀመር አይገባም። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ማንም ሊመጣ አይችልም የሚለው ከሁሉም የከበደ ነው። ለዚህ መልስ የለኝም፤ ነገር ግን በከተማው ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩት ልጆች መንገዱ ሲዘጋ ስንቃቸውም ስለሚቋረጥ፥ አንድ ጊዜ የሚበሉት ትኩስ ምግብ ከትምህርቱ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ሥራው ረዳ ወይስ አልረዳም የሚለውን ለማወቅ ከ40ዎቹ ልጆች ስንቱ 12ኛ ክፍልን እንደጨረሰ መቁጠር ነው እንጂ፥ ስንቱ ከፍተኛ ነጥብ እንዳመጣ ብቻ ማየት አይበቃም። ይህ ቆጠራ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይፈጃል፤ ለተማሪዎች ጥናትም የተመቸ ነው።

ጓደኛዬ አሁን የአባቱን መሬት ያርሳል። ባለፈው ጊዜ ባገኘሁት ጊዜ ታናሽ ወንድሙ 9ኛ ክፍል መግባቱን፥ ክፍልም እንደተከራዩለት ነገረኝ። «አንተ ከዩኒቨርሲቲ ነህ፥ የሚያስጠናው ሰው ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንባቢዎች በዚህ ጉዳይ ያላችሁን ሐሳብና ተቃውሞ ለመጽሔታችን ብትጽፉ፥ ለጥያቄው የሚሆን መልስ አብረን እናገኝ ይሆናል።