የሥዕል ዐውደ ርእይ

ዐውደ ርእይ የሚለው ስም ከሁለት የግእዝ ቃላት የተዋቀረ ነው። ዐውድ ማለት ዙሪያ፣ አደባባይ ማለት ሲሆን እህል የሚወቃበትንም ስፍራ ያመለክታል። ርእይ ደግሞ ማየት ነው። እንግዲህ ዐውደ ርእይ ሲባል ሰው ተሰብስቦ የሚያይበት አደባባይ ማለት ይሆናል። በከተማ ነዋሪ አፍ ግን «ኤግዚቢሽን» የሚለው የውጭ ቃል ይበልጥ የተለመደ ነው። የሸቀጥም፣ የእርሻ መሣሪያም፣ የመጻሕፍትም ዐውደ ርእይ አለ፤ በዚህ ምንባብ የምንመለከተው የሥዕልን ዐውደ ርእይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ሥዕል በአገራችን ጥንታዊ ጥበብ ነው። ሥዕልን በአዳራሽ ሰቅሎ ሕዝብ መጥቶ እንዲያይ መጥራት ግን የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። የቀድሞው ሠዓሊ ይሠራ የነበረው በአብዛኛው ለቤተ ክርስቲያን ነበር። በሸማ ላይ የሣለው ሥዕል በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ብዙ ጊዜም መጋረጃ ይጋረድበታል። ምእመኑ ወደ ሥዕሉ የሚቀርበው ሊጸልይና ሊሳለም እንጂ የሠዓሊውን ችሎታ ሊመዝን አልነበረም። ሠዓሊውም ስሙን ብዙውን ጊዜ አይጽፍም። ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ የሚታየው ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ግን የንግሥተ ሳባን ታሪክና የዐድዋን ጦርነት እየሣሉ በአዲስ አበባ ለውጭ አገር ሰዎች የሚሸጡ ሠዓሊያን ተነሡ። ያን ጊዜ ሥዕል ከመቅደስ ወጥቶ ገበያ ገባ፤ አዳራሽ ግን ገና አልደረሰም ነበር።

በለንደን ከተማ በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረው አፈወርቅ ተክሌ በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሥራዎቹን ለብቻው አቀረበ። ከዚህ ዐውደ ርእይ በኋላ ወደ አውሮፓ ተመልሶ የባለ ቀለም መስተዋት ሥራን አጠና፤ በዚያ በሚገኙ አብያተ መጻሕፍት የተቀመጡትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎችም መረመረ። የዚህ ጥናት ፍሬ ዛሬም በአፍሪካ አዳራሽ ይታያል፤ በዚያ ያሉት ባለ ቀለም መስኮቶች 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አላቸው። በ1950ዎቹ ማብቂያ ዓመታትም በአሜሪካ በቺካጎ የተማረው አለ ፈለገሰላም የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረተ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሠዓሊ የሚያወጣ ትምህርት ቤት ከተገኘ፣ የተሣለውን የሚያይ ሕዝብ ደግሞ መገኘት ነበረበት።

ሕዝቡም ተገኘ፤ ነገር ግን ሁሉም አልተደሰተም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1963 በአዲስ አበባ ዐውደ ርእይ አቀረበ። ተማሪዎች ይህን ሰው «ሀገሬ» በተሰኘው ግጥሙ ያውቁት ይሆናል። በሥዕሎቹ ግን አገሩን በተራራና በጎጆ አልገለጸም። ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ ሰው፣ ፈረስ ወይም ዛፍ የማይታይባቸው፣ ቀለምና ቅርጽ ብቻ የሆኑ ነበሩ። እንዲህ ያለው አሣሣል ረቂቅ ሥዕል ይባላል። ከተመልካቾች አንዳንዶቹ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ አነሡ። ሌሎች ደግሞ ሠዓሊ ያየውን ብቻ ሳይሆን የተሰማውንም መሣል ይችላል ሲሉ ተከራከሩ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ያ ክርክር ከብዙ ሙገሳ ይልቅ ጠቅሟል፤ ሥዕል ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ በአደባባይ ሊነሣ የቻለው ሥዕሎቹ በአደባባይ ስለ ተሰቀሉ ነው።

ከ3 ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሶ ሥራዎቹን በአዲስ አበባ አሳየ። እርሱ በአንገት ከሚንጠለጠለው የብራና ክታብ ላይ ዓይኖችንና ሐረጎችን ወስዶ ከዘመናዊው አሣሣል ጋር አዋሐደ። «የፈረንጅ ነው» ለሚለው ወቀሳ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። ሁለቱም ሠዓሊያን በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አስተምረዋል፤ ሁለቱም ያረፉት በባዕድ አገር ነው፤ ገብረ ክርስቶስ በ1981፣ እስክንድር በ2003።

ከ1974 አብዮት በኋላ ዐውደ ርእዮች አልቆሙም፤ ይሁን እንጂ ሠዓሊው የመንግሥትን ዓላማ በሥዕል እንዲያስተጋባ ይጠበቅበት ስለ ነበር ሰፊውን ቦታ የያዘው ፖስተር ነበር። የግል ጋለሪዎች የበረከቱት ከ1991 ወዲህ ነው። አስኒ ጋለሪ በ1996 ተከፈተ። በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተቋቋመ፤ በጀርመን አገር ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹም ወደ አገራቸው ገቡ። አዲስ ፋይን አርት በ2016፣ ዞማ ሙዚየም በ2019 ተከተሉ። የውጭ አገር የባህል ተቋማትም አዳራሾቻቸውን ለሠዓሊያን ሲያበድሩ ቆይተዋል። ይህ ሁሉ ግን የሚገኘው በአንድ ከተማ ነው። በክፍለ ሀገር ያለ ተማሪ አንድ የገብረ ክርስቶስን ሥዕል ለማየት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት፤ ይህም ሊታለፍ የማይገባ ጉድለት ነው።

ዐውደ ርእይ እንዴት ይዘጋጃል? አስቀድሞ ሥዕሎቹ ይመረጣሉ። ሠዓሊ የሣለውን ሁሉ አይሰቅልም፤ እርስ በርስ የሚነጋገሩትን ይለያል። ከዚያ ክፈፍ ይገባላቸዋል። በአሰቃቀል ጊዜ የሥዕሉ መካከል ከቆመ ሰው ዓይን ጋር እንዲተካከል ይደረጋል፤ ይህም ከወለሉ 1 ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ነው። ብርሃኑ ከላይ አዘቅዝቆ ይመጣል፤ ፊት ለፊት ከሆነ ግን ቀለሙ ያንጸባርቃልና ሥዕሉ አይታይም። ከጎን በምትለጠፈው ትንሽ ወረቀት የሠዓሊው ስም፣ የሥዕሉ ርእስ፣ የተሣለበት ዓመት፣ የቀለሙ ዓይነትና መጠኑ ይጻፋሉ። መጠኑ ሲጻፍ እንደ ተለመደው ቁመቱ ይቀድማል፤ ወርዱ ይከተላል። በብዙ አገር ጋለሪዎች የተሸጠ ሥዕል በቀይ ነጥብ ይታወቃል። ጋለሪውም ከሽያጩ ድርሻ አለው፤ ድርሻው እስከ ግማሽ የሚደርስበት ጊዜ አለ።

የመክፈቻው ዕለት የበዓል ያህል ነው። ብዙ ጊዜ የሚውለው ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ነው። የክብር እንግዳ ይጋበዛል፤ አጭር ንግግር ይደረጋል፤ ሠዓሊው በእንግዶች መካከል እየተዘዋወረ ለሚጠየቀው ይመልሳል። ወዳጅ ወዳጁን ያገኛል፤ የሚጠጣም ነገር ይዞራል። እውነቱን ለመናገር በዚያን ዕለት ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ የሚጨዋወተው ሰው ሥዕሉን ከሚያየው ሳይበልጥ አይቀርም። ስለዚህ ሠዓሊውን ለማግኘት የፈለገ በመክፈቻው ዕለት፣ ሥዕሉን ለማየት የፈለገ ደግሞ በማግሥቱ ቢሄድ ይመረጣል። ሲገባም አስቀድሞ ሥዕሉን፣ ቀጥሎ ጽሑፉን ይመልከት። ርእሱን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ዓይኑ የሚፈልገው በርእሱ የተጠቀሰውን ብቻ ነው።

የዐውደ ርእይ ወቅት ከአገር አገር ይለያያል። በባልቲክ ባሕር ዳር በምትገኘው በኢስቶኒያ፣ በታኅሣሥ ወር የቀኑ ብርሃን ከ6 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በሰኔ ግን በዋና ከተማዋ በታሊን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ስለዚህ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሕዝቡ ከቤቱ የሚወጣባቸው፣ ዐውደ ርእይም በከተማና በባሕር ዳር የሚከፈትባቸው ወራት ናቸው። ኩሙ የተባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም በዚያች ከተማ የተከፈተው በ2006 ነው። በእኛ አገር እነዚያው ወራት ክረምት ናቸው። ዝናቡ መንገዱን ያጨቀየዋል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የክብር እንግዳው ንግግር አይሰማም፤ እርጥበት ያገኘው ወረቀት ይሸበሸባል፣ ይሻግታልም። ቢሆንም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች ሥራቸውን የሚያሳዩት በትምህርት ዘመኑ ማብቂያ በመሆኑ፣ ዐውደ ርእያቸው ብዙ ጊዜ ከክረምቱ መግቢያ ጋር ይገጥማል። በአዲስ አበባ ተወልዳ በአሜሪካ ያደገችው ጁሊ ምሕረቱም በትውልድ ከተማዋ ሥራዎቿን በገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ያሳየችው በ2016 ክረምት ነበር። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣው ተስፋዬ ኡርጌሳ ደግሞ በ2024፣ ኢትዮጵያ በቬኒስ ታላቅ ዐውደ ርእይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ ስትይዝ ሥዕሎቹን በዚያ አቀረበ።

ዐውደ ርእዩ ሲያበቃ ሥዕሎቹ ከግድግዳው ይወርዳሉ። ያልተሸጡት ወደ ሠዓሊው ቤት ይመለሳሉ። የተሸጡት ወደ ገዢው ቤት ይሄዳሉ፤ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ስለሆኑ፣ ሥዕሉ ከባለቤቱ ጓዝ ጋር ድንበር የሚሻገርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሙዚየም ካልገዛው በቀር ለብዙ ሥዕሎች በግድግዳው ላይ የቆዩባቸው ጥቂት ሳምንታት ሕዝብ ሊያያቸው የሚችልባቸው ብቸኛ ቀናት ናቸው።