ያረጀ አልበም እንደገና የሚታተመው እንዴት ነው? ገንዘቡስ ለማን ይደርሳል?

ሱዳን ድንበር ላይ ባለችው ሐምዳይት ስልክ ቤት ገብተው ሚሞሪ ሲያስጭኑ፣ የማሕሙድ አህመድም የሱዳናዊው የመሐመድ ወርዲም ዘፈን በአንድ ዋጋ ነው የሚመጣልዎ። መቼ እንደተቀዳ፣ ማን እንዳሳተመው፣ ከጀርባ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋ የሚነግርዎ የለም። ብዙ ጊዜ የፋይሉ ስም «ትራክ 07» ብቻ ነው። ስለዚህ «የእገሌ ባንድ የመጀመሪያ አልበም 30ኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ እንደገና ታተመ» ሲባል ቢሰሙ ግራ መጋባትዎ አይቀርም። ዘፈኑ በየሰዉ ስልክ ውስጥ አለ። ታዲያ ምኑ ነው እንደገና የሚታተመው?

የሚታተመው ያው የድሮው ድምፅ ነው። ማንም እንደ አዲስ አይዘፍንም። አሳታሚው፣ ማለትም ገንዘቡን አውጥቶ አልበሙን ለገበያ የሚያቀርበው ሰው ወይም ድርጅት፣ መጀመሪያ የተቀዳውን ድምፅ አፈላልጎ ያገኛል። ያስጸዳዋል። ከባለመብቶቹ ጋር ይፈራረማል። ከዚያ በሸክላ፣ በሲዲ ወይም በኢንተርኔት ይሸጠዋል። ብዙ ጊዜ የቆዩ ፎቶዎችና የባንዱ ታሪክ ያለበት ትንሽ መጽሐፍ አብሮት ይወጣል።

«ለምን ድፍን ዓመት ይጠበቃል?» ይሉ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር፣ ለሻጭ ስለሚመች ነው። ጋዜጣውም ሬዲዮውም ስለ አሮጌ አልበም ለማውራት ሰበብ ይፈልጋል። 27ኛ ዓመት ሰበብ አይሆንም፤ 30ኛ ይሆናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ከአንዱ አዋጅ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንዳንዴ ግን ከሰበብ ያለፈ ነገር ይገኝበታል። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ኦኤሲስ የመጀመሪያ አልበሙን «ዴፊኒትሊ ሜይቢ»ን ያወጣው በ1994 ነው፤ ስሙ የገነነውም በሱ ነው። ወጣቶቹ አልበሙን መጀመሪያ ዌልስ ውስጥ፣ ሞኖው ቫሊ በሚባል ስቱዲዮ ቀድተውት ነበር። አልጣማቸውም። ትተውት ሌላ ቦታ ሄደው እንደገና ቀዱ። በ2024፣ 30ኛ ዓመቱ ሲደርስ፣ ያ የተተወው ቅጂ ከአልበሙ ጋር ተጨምሮ ወጣ። ይህ ሊሆን የቻለው «ተጣለ» የተባለው ክር፣ ማለትም ድምፁ የተቀዳበት ቴፕ፣ ሳይጣል ስለቆየ ነው።

ከአገራችን ደህና ምሳሌ የሚሆነን የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» ነው። ዋልያሶች አዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወቱ ነበር። ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ፣ ሳክስፎኑ ላይ ሞገስ ሀብቴ ነበሩ። ጊዜው የደርግ ነው፤ ሰዓት እላፊ አለ። ማታ ለጭፈራ የገባ ሰው ሳይነጋ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። «ቼ በለው» በ1977 በካይፋ ሪከርድስ በኩል በሸክላ ወጣ። ዘፋኝ ከፊት የሚቆምበት ሥራ አይደለም፤ ጉልበቱ መሣሪያው ላይ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን፣ ማለትም በመምቻ እየተመታ በሚደወል የብረት መሣሪያ፣ ተጫውቶበታል። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚባለው ዝነኛ ሥራ የሚገኘው በዚሁ ሸክላ ላይ ነው።

ከዚያ የሸክላ ዘመን አበቃ፤ ካሴት ተተካ። በ1981 ባንዱ ለሥራ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉን ጨምሮ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ መንዳት ጀመረ። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው አይለይም ነበር። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ያወጣውና ይለማመዳል፤ ተሳፋሪ ሲመጣ መልሶ ያስቀምጠዋል።

በዚህ መሐል የ«ቼ በለው» የመጀመሪያ እትም የሰብሳቢዎች ሲሳይ ሆነ። አንዱ ሸክላ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይሸጥ ጀመር። ከዚህ ገንዘብ ለሙዚቀኞቹ ስንት ደረሰ? ምንም። ያገለገለ ሸክላ ሲሸጥ ልክ እንደ አሮጌ ብስክሌት ነው፤ ገንዘቡ የሻጩ ነው፣ ለሠራው ሰው ሳንቲም አይመለስም። እንደገና ማተም ለሙዚቀኛው የሚጠቅመው ለዚህ ነው። አዲስ ሸክላ ከፋብሪካ ሲወጣ አዲስ ሽያጭ፣ አዲስ ሂሳብ ይኖራል።

ነገሩን የጀመረው ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የሚባል አሳታሚ ድርጅት አለው። ባሕር ዳር ውስጥ የኃይሉን የ1985 ካሴት «ሸሞንሟናዬ»ን አገኘና ወደደው፤ ስልኩን አፈላልጎ ደወለለት። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ በ2014 «ቼ በለው» ተከተለ። ይህ አሳታሚ የሚታወቅበት ውል ቀላል ነው፦ ወጪው ከተነሳ በኋላ የቀረውን ትርፍ ከሙዚቀኛው ጋር እኩል ለእኩል ይካፈላል። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ።

አሁን ወደ ዋናው ቋጠሮ እንምጣ። ፈቃዱ የሚጠየቀው ማን ነው? በአንድ ዘፈን ላይ መብት ያለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። የግጥሙና የዜማው ደራሲ አለ። የተጫወተው ሙዚቀኛ አለ። ገንዘብ አውጥቶ ያስቀዳው አሳታሚ አለ። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሦስቱም ጥበቃ ይሰጣል። ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት፣ ከሥራው የሚገኘው ጥቅም የሱና የወራሾቹ ነው። ሙዚቀኛውና ድምፁን ያሳተመው ደግሞ ለየራሳቸው 50 ዓመት አላቸው።

ወረቀት ላይ ሲታይ ግልጽ ነው። ሥራው ላይ ግን ያስቸግራል። በሸክላና በካሴት ዘመን ሙዚቀኛ ብዙውን ጊዜ በቁርጥ ይከፈለውና ይሄዳል፤ ውሉም በቃል ሊሆን ይችላል። ከ40 ዓመት በኋላ አንዱ አርፏል፣ አንዱ ካናዳ ነው፣ አንዱ «እኔ ነኝ ያቀናበርኩት» ይላል። በእኔ ግምት ብዙ ጥሩ አልበም ሳይታተም የሚቀረው ገንዘብ ጠፍቶ ሳይሆን እዚህ ላይ ተይዞ ነው።

ፈቃዱ ተገኘ እንበል። ቀጥሎ ድምፁ ይፈለጋል። የሚመረጠው ማስተሩ ነው፤ ማስተር ማለት ስቱዲዮ ውስጥ መጀመሪያ የተቀዳበት ክር ነው። ክር ያረጃል። አንዳንዱ ላይ ድምፁ ያረፈበትን ዱቄት የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት ስቦ ይላላና ይጣበቃል። እንዲህ ያለውን ባለሙያዎች ከ50 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት ለሰዓታት ያደርቁትና ወዲያው ይገለብጡታል። ማስተሩ ከጠፋ ደግሞ ያልተጫረ ሸክላ ተፈልጎ፣ በጥሩ መርፌ ተጫውቶ ከሱ ላይ ይቀዳል። ከዚያ ቋቋታው በኮምፒውተር ይነሳል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ አሉ። ቋቋታውን ጠራርገው ሲያወጡ የሲምባሉም (የከበሮው ሳህን) ድምፅ ጭራ አብሮ ይቆረጣል፤ ሙዚቃው ደርቆ ይቀራል። እኔ ትንሽ ቢንቋቋ ይሻለኛል።

ሸክላው የሚሠራው እንዲህ ነው። ድምፁ በለስላሳ ዲስክ ላይ እንደ ቀጭን ቦይ ይቀረጻል። ከዚያ ዲስክ ላይ የኒኬል ማኅተም ይወጣል። የፕላስቲክ እንጎቻ በሙቀት ለስልሶ በሁለት ማኅተሞች መሐል ይጨመቃል። አንዱ ገጽ በደህና ድምፅ የሚይዘው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። አልበሙ ረዘም ካለ ሁለት ሸክላ ይፈልጋል፤ ወጪውም ይጨምራል።

ስንት ያወጣል? እንደ ፋብሪካውና እንደ ሽፋኑ ይለያያል። ሂሳቡ እንዲገባዎ ግን በምሳሌ ቁጥር እናስላው። አሳታሚው 500 ሸክላ አሠራ እንበል። ድምፅ ማጽዳቱ፣ ፋብሪካው፣ ሽፋኑና ማጓጓዣው ተደምሮ 6,000 ዶላር ወጣ። ለሱቆች አንዱን በ16 ዶላር አስረከበ። ሁሉም ቢሸጥ 8,000 ነው። ወጪው ሲነሳ 2,000 ይተርፋል። እኩል ሲካፈሉ ለባንዱ 1,000 ይደርሳል። ሰባት ሙዚቀኞች ካሉ ለአንዱ ወደ 143 ዶላር ነው። ያን ያህል የሚያስጎመጅ አይደለም። ጥቅሙ የሚታየው ሁለተኛው ዙር ላይ ነው። ድምፁ ጸድቷል፣ ማኅተሙ አለ፣ ሽፋኑ ተሠርቷል። ወጪው ወደ 4,000 ቢወርድ ለባንዱ የሚደርሰው 2,000 ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ አሳታሚ ማለት አንድ ጊዜ አትሞ የሚጠፋ ሳይሆን ባለቀ ቁጥር የሚያሳትም ነው።

«በኢንተርኔት የሚደመጠውስ?» ክፍያው ትንሽ ነው። በጥቅሉ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ተደምጦ ለባለመብቶቹ ጥቂት ሺህ ዶላር ቢያስገኝ ነው፤ እሱንም ይካፈሉታል። ስልክ ቤት ሚሞሪ ላይ ከሚጫነው ግን ለባለመብቶቹ ምንም አይደርስም።

ሱዳን ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ሰይፍ አቡበክርና ዘ ስኮርፒዮንስ የሚባል የሱዳን ባንድ «ጃዝ ጃዝ ጃዝ» የሚል አልበሙን ያወጣው በ1980 በኩዌት አሳታሚ በኩል ነበር። ያ ሸክላም የሰብሳቢዎች ብርቅ ሆኖ ቆይቶ በ2018 የበርሊኑ ሀቢቢ ፈንክ እንደገና አሳተመው። ልብ ይበሉ፤ የአዲስ አበባውም የካርቱሙም ሥራ የታደሰው ሩቅ አገር ነው። ማሽኑም፣ በዶላር የሚገዛውም ሰው እዚያ ስለሆነ ነው።

ስለ ሮክ ካነሳን የኛው ጃኖ ባንድ አለ። የመጀመሪያ አልበሙ «ኤርታሌ» በ2012 ወጣ፤ ያዘጋጀው የድምፃዊት ጂጂን አልበም የሠራው አሜሪካዊ ቢል ላስዌል ነው። ድፍን 20 ዓመቱ 2032 ይሆናል። በዚህ ዘመን የተቀዳ አልበም ክር የለውም፤ ጊታሩም ከበሮውም ለየብቻ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ፋይል ነው። ሰዎች ይሄ ከክር ይበልጣል ብለው ያስባሉ። አይደለም። በደህና ቦታ የተቀመጠ ክር 50 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ በየጊዜው ወደ አዲስ ዲስክ ያልተገለበጠ ሃርድ ዲስክ ግን በ10 ዓመት ውስጥ ላይነሳ ይችላል። አዲስ አልበም የሚያወጣ ወጣት ባንድ ካለ፣ ፋይሉ የት እንደሚቀመጥና የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ያስጽፍ።

በመጨረሻ፣ እቤትዎ አሮጌ ካሴት ካለ ጥቂት ምክር ልስጥዎ። በእኛ በኩል ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ሳጥን ያውጡት፤ ወለል አጠገብ፣ ከስፒከር ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። የካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ይስበሩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም በስህተት ሊቀዳበት አይችልም። ክሩ ከላላ በእስክሪብቶ ያጥብቁት። ሽፋኑ ላይ ያሉትን ስሞች በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ አሳታሚ ባለመብት ሲፈልግ የሚጀምረው ከነሱ ነው። ማስገልበጥ ከፈለጉ የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል። በደህና ጥራት እየገለበጡ ማፋጠን አይቻልም፤ ስለዚህ ዋጋ ሲጠየቁ የሚከፍሉት የሰውየውን ሰዓት ነው።